ገና ያልደረሰው ግድግዳ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤንነትህ እንዴት ነው? በተለይ እጅህ እንዴት ነው? የመዳፍህ ላብ ደረቀልህ? ትንፋሽህስ ተመለሰ? በበርበሬ በረንዳ አቋርጠህ ከሆነ የመጣኸው ጉሮሮህን ይከረክርሃል፤ ከባንኮኒው ስር በጀሪካኑ ውሃ አለ፤ መጀመሪያ ጠጣ። ከዚያ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። እማዬን ጠዋት አብረን ስላየናት ስለ እሷ ጤና አልጽፍልህም። አንድ ቤት እያደርን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ምን ላድርግ? አፌን ስከፍት ትስቃለህ። ገና ሳልጀምር "በቃሽ?" ትላለህ። ወረቀት ግን መሀል ላይ አይቋረጥም።

የምጽፈው እዚሁ ሱቃችን ውስጥ ሆኜ ነው። ጁምዓ ነው፤ አንተ አንዋር መስጊድ ነህ፤ ሶማሌ ተራ አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል። እኔ የብረት መዝጊያውን አውርጄ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ልክ እንደ ድሮው። ድሮ "ጠብቂ" ብለህ ታዘኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጠብቅልህ ያልኩህ ራሴ ነኝ። "ምን ነካሽ፣ ዛሬ ደግ ሆንሽሳ!" አልከኝ። ደግ አልሆንኩም።

ለሰው የምታወራው ሌላ ስለሆነ እውነተኛውን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስማ።

አባዬ አርፎ የጨርቁ ንግድ ሲከስር፣ መደርደሪያውን ነቅለህ ሱቁን ጌም ቤት አደረግከው። ጥሩ አደረግክ፤ አልክድህም፤ በልተንበታል፣ ተምሬበታለሁ። ቴሌቪዥኑን ደረደርክ፣ ማሽኖቹን አስገባህ፣ እኔን ደግሞ አስወጣኸኝ። "ሴት ልጅ በጎረምሳ መሀል ምን ትሰራለች?" አልክ፤ እማዬም ደገፈችህ። ጁምዓ ሲሆን ግን አንተም ጎረምሶቹም ለሶላት ትወጣላችሁ፤ ማሽኖቹን ከሌባ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግሃል። ያኔ ሴት መሆኔ ይረሳል።

ባለፋኖሱን ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። ጽሑፉ ጃፓንኛ ስለሆነ የጌሙን ስም ማንም አያውቀውም፤ ባለፋኖሱ ያሉት ደንበኞችህ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ፋኖስ ይዞ ተራራ ላይ ያለ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ በር በበር፣ ደረጃ በደረጃ፤ በየበሩ መጥረቢያ የያዘ ዘበኛ አለ። ምን እንደሚፈልግ አናውቅም። አንድ ቀን ምሳህን ላደርስ መጥቼ በር ላይ ቆሜ፣ አስናቀው ሊስትሮው "የጠፋበትን ንግድ ፈቃድ ነዋ የሚፈልገው!" ብሎ ቤቱን በሳቅ ሲያፈርሰው ሰምቻለሁ። እኔም ስቄያለሁ። ያኔ ገና አብሬያችሁ እስቅ ነበር።

ጌሙ ረጅም ነው። ደንበኞችህ የደረሱበትን ሚሞሪ ካርድ ላይ እያስቀመጡ በሌላ ቀን ይቀጥሉታል። ካርዱ ግን የሚውለው አንገትህ ላይ፣ ከሱቁ ቁልፍ ጋር ታስሮ ነው። መስጊድም ይዘኸው ትሄዳለህ። አውልቀህ ስጠኝ ብልህ "ለሱቅ ጠባቂ ምን ያደርግላታል?" አልክ። ስለዚህ በየሳምንቱ ከመጀመሪያው በር እጀምራለሁ። የኔ ጊዜ ከአዛኑ እስከ መመለሻችሁ ነው። መርካቶ ውስጥ የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ እንዲረዝም ከልቧ ዱዓ የምታደርግ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንተ ስትመጣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ እኔ እጄን አጣምሬ ወንበር ላይ መገኘት አለብኝ።

ጊዜ ያለው ሰው በበር ይገባል። እኔ ጊዜ አልነበረኝምና ቀዳዳ ፈለግሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የእንስራውን ነው። እንስራውን ገፍቼ ጥግ ላይ ሳጣብቀው ዘበኛው መንገዱ ይጠፋበትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ባለበት ይራመዳል፤ ቤቱ የጠፋበት ሰካራም ነው የሚመስለው። በጀርባው አልፋለሁ። ቀጥሎ የመሰላሉን አገኘሁ። መሰላል ላይ ሆኜ የቤተ መንግሥቱን ካርታ ከፍቼ ስዘጋው ሽማግሌው እጁን ይለቅና እታች ድረስ ወርዶ፣ ምንም ሳይሆን፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጌሙን የሰሩት ሰዎች ስህተት ነው፤ ለኔ ግን እዝነት ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ያ ግድግዳ ነው። ትልቁ በር ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉን ለማግኘት ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ሙሉ መዞር ነው። እኔ ቁልፉን ተውኩት። ከበሩ ጎን ላለው ግድግዳ ጀርባ ሰጥቼ፣ ካርታውን ከፍቼ ዘግቼ፣ ሽማግሌውን ወደ ኋላ ሳራምደው ከነፋኖሱ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ። እልል ልል ነበር፤ ሱቁ መዘጋቱ ትዝ ሲለኝ አፌን በሻርፔ ያዝኩት።

የዚያን ዕለት ጨረስኩት። በዚህ ሱቅ የባለፋኖሱን መጨረሻ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ጣራ የሌለው ግቢ ይደርሳል፤ ፋኖሱን መሬት ላይ ያኖርና አጠገቡ ቁጭ ይላል። ከዚያ የካርድ ሥዕል ይመጣል፤ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ ነው ጥያቄው። የማስቀምጥበት ስላልነበረኝ ማሽኑን አጠፋሁት።

ለማን ልንገር? ላንተ ነገርኩህ። መንገር ብቻም አይደለም፤ አንድ ጁምዓ ከሶላት ከጎረምሶቹ ቀድመህ ስትመለስ፣ ጣቶችህን ይዤ አንድ በአንድ አሳየሁህ። "ጉደኛ ነሽ" አልከኝ። ያቺን ቃል ቤት እስክገባ ድረስ ለራሴ እየደጋገምኳት ሄድኩ።

በማግስቱ ምሳህን ይዤ ስመጣ ሱቁ ጢም ብሏል። መሀል ላይ አንተ ጆይስቲኩን ይዘህ ሽማግሌውን በግድግዳው ታሳልፋለህ። ጎረምሶቹ "ኢንጂነር! ኢንጂነር!" እያሉ ትከሻህን ይደበድባሉ። አንዱ "ወንድሜ፣ ይሄን እንዴት አገኘኸው?" ብሎ ሲጠይቅህ "ጭንቅላት ነዋ!" ብለህ ግንባርህን በጣትህ መታ መታ አደረግክ። ዞር ስትል አየኸኝ። ሳህኑን ከእጄ ተቀበልክና "ሂጂ፣ እዚህ አትቁሚ" አልክ።

ከዚያ ወዲያ ከእህል በረንዳ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ጆንያቸውን አራግፈው ግድግዳ የሚያልፈውን ሰው ሊያዩ መጡ። ስምህ ኢንጂነሩ ሆነ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ፣ ተመርቄ ስመለስ ሰፈሩ ምን አለኝ መሰለህ? "እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኢንጂነሩ እህት!" አሉኝ። አንተ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ፈገግ አልክ።

ይህንንም ችዬው ነበር። የክፍሉን ነገር ግን አልችልህም።

ጋሽ ጠሀ ቤታችን መጥተው፣ አዲሱ ሕንፃቸው ምድር ቤት ላይ ያለችውን ክፍል "ለሟች ወዳጄ ልጆች" ብለው ለእማዬ ቃል ሲገቡ እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጆች ነው ያሉት። ከፊት ያንተ ጌም፣ ከኋላ የኔ የጥገና ጠረጴዛ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። የጠረጴዛውን ቦታ በሜትር የለካሁት ካንተ ጋር ነው፤ አንተ ነህ የሜትሩን ጫፍ የያዝክልኝ። ሥራ ማመልከቻ ማስገባቴን የተውኩት በዚያ ነው።

ከዚያ ብቻህን ጋሽ ጠሀ ጋ ሄድክ። የነገረችኝ ልጃቸው ሱሀይር ናት፤ አብራኝ የተማረችው። ቃልህን እንዳለ ነው ያመጣችልኝ። እህቴ ክፍለ ሀገር ሥራ ይዛ ትሄዳለች፣ ደግሞም ነገ ማግባቷ አይቀርም አልክ። ማሽን መፍታት እንጂ መግጠም አታውቅም አልክ። ወጣቱ የሚጎርፈው ለኔ ነው፣ ቀዳዳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ክፍሉ በኔ ስም ብቻ ይሁን አልክ። ጋሽ ጠሀ ነጋዴ ናቸው፤ "ያላየሁትን ዕቃ አልገዛም" አሉህ። ለዛሬ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ ሸሪኮቻቸውን ይዘው እዚያው ክፍል ሊያዩህ፣ ከዱባይ ያስመጡትን አዲስ ማሽን ሊያቀርቡልህ፣ ወሬው እውነት ከሆነም ክፍሉን በስምህ ሊያደርጉት ቃል ገቡልህ።

ረቡዕ ምሳ ላይ ጠየቅሁህ። አላፈርክም። "አንቺ ነገ የሰው ቤት ነሽ፤ እኔ ነኝ እዚህ የምቀረው" አልክ። የአባዬ ልጅነቴ በሠርጌ ቀን የሚያልቅ አስመሰልከው። እኔ ሞኟ ግን ያን ሁሉ ሰምቼም አዘንኩልህ። በአዲሱ ማሽን አትሞክረው፣ አይሰራልህም፣ ምክንያቱን ላስረዳህ አልኩህ። ሳቅክ። "አንቺ ወረቀት አለሽ፤ እኔ ጣት አለኝ!" አልክ። ብርታት አግኝቼ ልቀጥል ስል "እሽግ ነው እኮ ልጅት፣ እሽግ!" አልከኝ። እማዬም ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

እሽግ! የመርካቶ ሰው በእሽግ ያለው እምነት! ያልተፈታና እጅ ያልነካው ከሆነ ከሁሉም ይበልጣል። ማሸጊያው ሸሪኮቹ ፊት እንዲቀደድ ብለህ አንድ ጊዜ እንኳ ልክፈተውና ልሞክረው አላልክም። የሞከርከው ማሽን ማሸጊያው ተፈታ ማለት ነው፤ የተፈታ ደግሞ አሮጌ ነው። እንዲህ ነው ያደግነው።

ረቡዕ ያላስጨረስከኝን አሁን ልጨርስ። ጥግ ላይ ያለው ማሽናችን ሲዲ የሚያነብበት ሌንሱ ደክሟል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ገልብጠን በጀርባው የምናስተኛው፤ ቀና ካለ ሲዲውን አያነብም። ሽማግሌው አንዱ ክፍል ውስጥ ሲሆን ጌሙ ቀጣዩን ከሲዲው እያነበበ ያመጣል። ካርታ ከፍተህ ስትዘጋ ያለበትን ክፍል እንደገና ያመጣዋል። የደከመው ሌንስ ያዘገየዋል። ዓይንህ የሚያየው የግድግዳውን ሥዕል ነው፤ ግድግዳው ራሱ ገና አልደረሰም። ሽማግሌው ግድግዳ በስቶ አያውቅም፤ ግድግዳው ሳይመጣ ቀድሞ ያልፋል እንጂ። አዲሱ ማሽን ዓይኑ ጤነኛ ነው። ግድግዳውን በጊዜው ያመጣዋል። ጣትህ ምንም ቢፈጥን ሽማግሌው ጀርባውን እየተላተመ ይቆያል፤ ከዚያ ዘበኛው ይደርሳል።

ያን ሁሉ ዓመት ብልሃቱ ጣትህ ላይ ያለ መስሎህ ነበር።

አሁን ስለ እጅህ ለምን እንደጠየቅሁህ ገባህ? ይህን ደብዳቤ ያገኘኸው አሮጌው ማሽን ከተኛበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ማሽኑ እዚያ የለም። ከጋሽ ጠሀ ክፍል ወደዚህ ጥግ የሚያስሮጥህ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። "ቆዩኝ፣ ማሽኑ ነው፣ የራሴን ላምጣ" ብለሃቸው ነው የወጣኸው። ይህን ስጽፍ አንተ ገና መስጊድ ነህ፤ ግን አውቅሃለሁ።

ማሽኑን በሻርፔ ጠቅልዬዋለሁ፤ ከሲዲ ሣጥናችንም፣ አንተ ይዘኸው ከሄድከው ሌላ ያለውን የባለፋኖሱን ቅጂ ወስጃለሁ። ሶላቱ ሳያልቅ እወጣለሁ። ሱሀይር በሕንፃው የጓሮ በር ታስገባኛለች። አንተ ፊት ለፊት ስትታገል እኔ በጎን ካለው መጋዘን ውስጥ ነኝ። ሳቃቸውን አልሰማም ብዬ አልዋሽህም፤ ግን አብሬ አልስቅም። አንተ ስትወጣ እገባለሁ። ጋሽ ጠሀ ፊት ማሽኑን በጀርባው አስተኛዋለሁ፤ እንስራውን፣ መሰላሉን፣ ግድግዳውን አሳያቸዋለሁ። ከዚያ ፈትቼ ሌንሱን አሳያቸዋለሁ። ከዚያ እገጥመዋለሁ። መግጠም አታውቅም ተብያለሁና እዚያው እያዩኝ እገጥመዋለሁ።

ማነው ይህን መጀመሪያ ያገኘው ብለው ቢጠይቁኝ እኔ ነኝ እላለሁ። ያን ቃል በአደባባይ ብዬው አላውቅም። ክፍሉ የማን ይሁን ቢሉኝ የምመልሰውን አንተ አስበው። እዚህ ያሉትን ጆይስቲኮች ብትቆጥር ሁለቱ የሉም፤ ሁለተኛው ላንተ ነው። ባለፋኖሱ የአንድ ሰው ጌም መሆኑን አውቃለሁ።

የሱቁ በር እንዳያሳስብህ፤ አስናቀው የሊስትሮ ሳጥኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ። "ኢንጂነሩ የት ሄደ?" ብሎ ካሾፈብህ በል ያልኩትን ነው የሚለው፤ አትቆጣው።

አሁን ውሃህን ጨርስ፤ ፊትህን ታጠብ። ሳትስቅ መግባት ከቻልክ ና። ስትመጣ አንገትህ ላይ ያለውን ካርድ አውልቀህ በእጅህ ይዘኸው ና። ሽማግሌው ፋኖሱን መሬት ላይ አኑሮ ሲቀመጥ፣ ያ ጥያቄ ሲመጣ፣ ዛሬ ማሽኑን አላጠፋም።

አባዬን አላህ ጀነት ያግባልን። ለእማዬ ዕድሜ ይስጣት። ላንተም አላህ እጅህን ይባርክልህ፤ ከእጅህ በፊት ግን ዓይንህን ይግለጥልህ።

ኢንጂነሯ እህትህ