ሳይፈታ የተመረመረው ካርቶን

ለተከበሩ የጥልቅ ቴክኖሎጂ ጀማሪዎች ፈንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም ያለ ችግር እንደምትተነፍሱ ተስፋ አደርጋለሁ። የመሥሪያ ቤትዎ አየር ማቀዝቀዣም ጤንነቱ እንዲጠበቅ እመኛለሁ፤ በመጣሁባቸው ቀናት ሁሉ ሥራ ላይ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነውና።

እኔ በሕጻናት ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የኦክስጅን ማሽን ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን ለይቶ ለታማሚ ይሰጣል፤ ሆዱ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅኑን የሚለየው ነጭ ፍሬ እርጥበት ጠጥቶ ሲበላሽ ግን፣ ፍሬው ከውጭ ስለሚመጣ ማንም አይተካውም፤ ማሽኑ ይጣላል። መጋዘናችን ውስጥ እንዲህ የተጣሉ አሥራ አራት ማሽኖች አሉ። አብረዋቸው የተጣሉትን የመመሪያ መጻሕፍት እያነበብኩ፣ ያልገባኝን የጥገና ሠራተኛውን እየጠየቅሁ፣ በስድስት ዓመት ፍሬውን ከሸክላ አፈር መሥራት ቻልኩ። አንድ ማሽን በእኔ ፍሬ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቷል። በየጠዋቱ በመለኪያ የምታየው ኃላፊ ነርሳችን "እትዬ፣ ይቺ ማሽንዎ እኮ ከሁላችንም ቀድማ ሥራ ትገባለች" ትለኝ ነበር። የቀረኝ የላቦራቶሪ ምርመራና ደህና ምድጃ ስለነበር፣ ለእነሱ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ወደ እርስዎ መጣሁ። ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያዎ "ማንም ባልደፈረበት ጅማሬ ላይ ከጎንዎ እንቆማለን" ስለሚል አመሰግናለሁ። ቅጹ ግን የሦስት ዓመት የሽያጭ ማስረጃና ይህንኑ ሥራ ሌላ ቦታ ሠርቶ ያተረፈ ድርጅት ስም ይጠይቃል። "እስካሁን የሠራው የለም" ብዬ ብሞላ፣ ቅጽ ተቀባይዋ ልጅ አዝናልኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እናቴ፣ እንደሱ አይጻፍም፤ ይፈራሉ" አለችኝ።

ሁለተኛ፣ ሥራዬን እንዳስረዳ ስለተሰጡኝ ሦስት ደቂቃዎች አመሰግናለሁ። ወደ መስታወቱ አዳራሽ ስገባ ከዳኞችዎ አንዱ የፈሰሰ ውሃ በጣታቸው አሳይተው "እዚህ ጋ ቀርቶሻል" አሉኝ። ውሃው በእርግጥም ፈስሶ ስለነበር ጠረግሁት። ማይክራፎኑን ሳነሣ ደግሞ "የድርጅቱ መሥራች የታለ?" ተባልኩ። እኔው መሆኔን ሳስረዳ አንዱ ደቂቃ ሄደ። ስለ ሕጻናት ትንፋሽ መናገር ስጀምር፣ ፈንዱ ገንዘብ ቢያስገባ ድርሻውን በስንት ዓመት አትርፎ ሸጦ እንደሚወጣ ጠየቁኝ። ገና አንድ እግርዎን ላላስገቡ ሰው መውጫ አለማዘጋጀቴ ስንፍናዬ ነው።

ሦስተኛ፣ ናሙናዬን በካርቶን አሽጌ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ካርቶኑን በሰማያዊ ክር አራት ጊዜ ጠምጥሜ፣ አባቴ ጆንያ ሲያስር ባየሁት ቋጠሮ አሰርኩት፤ ይህ ቋጠሮ ካልተቆረጠ አይከፈትም። በሦስተኛው ቀን ስለ ካርቶኑ አንድ ነገር ላስረዳ ብደውል፣ ጸሐፊዎ "ወይዘሮ፣ መዝገብ የገባ ዕቃ አይነካም፤ ችግር ካለው ባለሙያዎቹ ይደውሉልዎታል" አሉኝ። አሥራ አንድ ወር ጠበቅሁ፤ የደወለልኝ የለም።

ባለፈው ወር ካርቶኑ ከአምስት ገጽ ሪፖርት ጋር ተመለሰልኝ። ሪፖርቱ "የቴክኒክ ኮሚቴው ናሙናውን ከፍቶ በጥልቀት መርምሯል፤ ጥንካሬው አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም፤ ኦክስጅን የመለየት አቅሙም ዝቅተኛ ነው" ይላል። ማኅተም አለበት። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ቋጠሮዬ አለ፤ ሰማያዊው ክር እንደታሰረ ሄዶ እንደታሰረ መጥቷል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ዝም እል ነበር፤ ዝምታ ለእኔ ከባድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ፈንድዎ የሪፖርቱን ግልባጭ ለሆስፒታላችን ልኳል። ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ "እህቴ፣ ባለሙያ አይቶ አይሠራም ካለ እኔ ምን ላድርግ?" ብለው በእኔ ፍሬ ሲሠራ የነበረውን ማሽን በዚያው ቀን አስነቀሉት። አሁን ሁለት ሕጻናት በአንድ ማሽን ተራ ይገባሉ፤ ሁለቱ እናቶች ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። አሥራ አራቱ ማሽኖችም በመጪው ሐሙስ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሸጣሉ።

ስለዚህ ከእርስዎ ገንዘብ አልፈልግም። ከሐሙስ በፊት ለዳይሬክተሩ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ፦ "ካርቶኑን አልከፈትነውም።" ማኅተም ግን አይርሱ። ማኅተም ውሸትን ይህን ያህል ካስከበረ፣ እውነትም አንድ ጊዜ ይሞከርበት።

የሦስት ደቂቃ ንግግር፣ የአሥራ አንድ ወር ትዕግሥትና አንድ ደረቅ ወለል ያበረከትኩልዎት፣
የሕጻናት ክፍል የጽዳት ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ በሦስተኛው ቀን በስልክ ላስረዳ የነበረው ይህን ነው። መጋዘናችን ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ካርቶኖች ነበሩ፤ በጥድፊያ የተሳሳተውን አስሬ አምጥቼላችኋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ናሙናው ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ነው። ኮሚቴዎ አሥራ አንድ ወር የመረመረው ሦስት የወለል ብሩሾችና አንድ ጥንድ የላስቲክ ቦት ጫማ ነው። ክሩን እስካሁን አልቆረጥኩትም፤ ደብዳቤዎ ካልደረሰ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በሆስፒታሉ በር ላይ፣ በዳይሬክተሩና በብረት ገዢዎቹ ፊት እቆርጠዋለሁ፤ እርስዎም በአክብሮት ተጋብዘዋል። ኮሚቴዎን ግን አይቆጡብኝ፤ የብሩሾቹ ኦክስጅን የመለየት አቅም በእርግጥም ዝቅተኛ ነው።