የአቶ አሻግሬ ይመኑ ሕይወትና ያልተመለሱት አምስት ከበሮዎች

አቶ አሻግሬ ይመኑ ከአባታቸው ከአቶ ይመኑ ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሥርጉት አበጋዝ መስከረም 19 ቀን 1956 ዓ.ም. በአቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ሲናገሩ፣ ልጃቸው አፍ ሳይፈቱ የሚያልፈውን ባቡር ምት በጣሳ ላይ ይከተሉ ነበር።

እዚያው አቃቂ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በ1973 ዓ.ም. በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆዩ የፋብሪካው የኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ሆኑ። ቡድኑ ሲፈርስ እርሳቸው ከበሮውን አልተዉም፤ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ያላደመቁት ሠርግ ጥቂት ነው። በ1982 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺሐረግ ቀጀላን አግብተው እምነትንና የሺዋስን ወለዱ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ በ2009 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናበቱ።

በ2011 ዓ.ም. አንድ የኪነ ጥበብ ማኅበር ባለሙያዎችን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መላክ ሲጀምር፣ አቶ አሻግሬ ከአንድ ሠዓሊና ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር ተመረጡ። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአቃቂ ወንዝ አቅራቢያ ወዳለ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስድሳ ልጆችና አንድ ከበሮ ጠበቋቸው። “ይሄማ ሠርገኛን በአንድ ብርጭቆ ማስተናገድ ነው” ብለው ሳቁ። በማግስቱ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ አሮጌ ዕቃ ከሚነግዱት ከአቶ ሙህሲን ዘንድ ሠላሳ አንድ ሰማያዊ በርሜሎች ገዙ። ትንንሽ ናቸው፤ ልጅ ያቅፋቸዋል። የላይኛው ክዳን ተቆርጦ የፍየል ቆዳ ሲወጠርበት ድምፁ ግሩም ነበር።

አቶ አሻግሬ ሙሉ ሥራውን ቤታቸው ጨርሰው ማምጣት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። “ልጅ በእጁ ያልሠራውን ከበሮ ይደበድበዋል እንጂ አይመታውም” የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ ልጆቹ በርሜሉን ከውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፤ ትቢያውን በአፋቸው እፍ እያሉ አወጡ። የአቶ ሙህሲን ልጅ ዓሊያ፣ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ጭንቅላቷን በርሜሉ ውስጥ ከትታ “ጋሼ፣ ሙዝ ሙዝ ይላል!” ብላ ጮኸች። ሁሉም ተሻምተው አሸተቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ የሙዝ ከበሮ ሆነ። አቶ አሻግሬም “አትጨርሱት፣ ለእኔም አስተርፉልኝ” አሏቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ዓሊያን ነሰራት። ጓደኞቿ “ከበሮውን ትታ አፍንጫዋን መታች” እያሉ አፌዙባት። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ መዓዛ ፀሐይ ነው ብለው ራሷን በውሃ አስታጠቧት። በቀጣዩ ዓርብ ሌሎች ሁለት ልጆች ነሰራቸው፤ የዚያን ቀንም ፀሐይ አልነበረም። የአቶ አሻግሬ መዳፍ መላጥ ጀመረ። ቤት ሲገቡ ወይዘሮ የሺሐረግ “ልብስህ ሙዝ ሙዝ ይሸታል” ይሏቸዋል፤ እርሳቸው “የምን ሙዝ?” ይላሉ። ሽታው ለሌላው ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ጠፍቶባቸው ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በኮሮና ሲዘጋ ከበሮዎቹ ለጎበዝ ተማሪዎች ተሸልመው ወደየቤቱ ሄዱ።

በ2015 ዓ.ም. የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው አቶ ጀቤሳ የልጅ ልጃቸውን ከበሮ ቆዳው ላልቶ ሊያስወጥሩ መጡ። አቶ ጀቤሳ ገልብጠው በበርሜሉ ቂጥ ላይ ያለውን የደበዘዘ የኬሚካል ማኅተም በጣታቸው ጠርገው አነበቡት። እርሳቸው በፋብሪካው የኬሚካል መጋዘን ሃያ ዓመት ሠርተዋል። “አሻግሬ፣ ይሄን እኛ ያለ ጓንት አንነካውም ነበር። ልጆቹን ምን አስፋቅካቸው?”

አቶ አሻግሬ ከዚያች ቀን በኋላ ከበሮ አልመቱም፤ ሥራቸው ፍለጋ ሆነ። ነገሩን መጀመሪያ የነገሩት ለአቶ ሙህሲን ነበር። እርሳቸውም ሱቃቸውን ዘግተው “እኔ ሸጥኩ፣ አንቱ ሠሩ፣ ልጄ አሸተተች፤ በሉ አብረን እንሂድ” አሉ። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት ዞሩ። ብዙ ቤተሰብ ሰፈር ቀይሯል። አንዱን ከበሮ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አገኙት፤ ቆዳው ተቀዶ ተነሥቶ የመጠጥ ውሃ ተሞልቶበታል። እናትየው “ጋሼ፣ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ይሄን ወስዳችሁ በምን ላጠራቅም?” ብለው ተቆጡ። አቶ አሻግሬ ውሃውን በገዛ እጃቸው ደፍተው፣ ወርደው አዲስ ጀሪካን ገዝተው ተመለሱ።

እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሃያ ስድስት ከበሮዎች ተመለሱ።

አቶ አሻግሬ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ነስር ጀመራቸው፤ ምርመራው የደም ሕመም መሆኑን አሳየ። ሐኪሞቹ መነሻው ይህ ነው ብለው አልጻፉም፤ ቤተሰቡም ያልተጻፈውን አይናገርም። ጠያቂ ሲመጣ ግን ስለ ሕመማቸው አያወሩም ነበር፤ “አምስቱስ?” ብለው ይጠይቃሉ። በተረፈ ወሬያቸው የዓሊያ ምርመራ ነበር። ዓሊያ ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ደህና ነሽ ተብላለች፤ በየስድስት ወሩ ግን ተመለሺ ተብላለች።

አቶ አሻግሬ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

የሚከተለው በአደራ ቃላቸው መሠረት ይነበባል። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ልጆቻችሁ ከአቶ አሻግሬ ጋር ከበሮ የሠሩ ወላጆች፣ ልጆቹ ደህና ቢመስሉም አስመርምሯቸው። በቤታችሁ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ልጅ የሚያቅፈው በርሜል ካለ፣ እህል ቢሆን ውሃ፣ ያለበትን ድፉ። ቀብሩ እንዳበቃ አቶ ሙህሲን በድንኳኑ በር ላይ ቆመው ስለ ቀሩት ከበሮዎች የሚነግራቸውን ይጠብቃሉ፤ ማንም እንዳያፍር።

እግዚአብሔር ለአቶ አሻግሬ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ አምስቱ ከበሮዎች ላሉባቸው ቤቶች ምሕረትን ይስጥ። አሜን።