የወፍጮ ቤቱ ዳገት

ሰኞ

ሮጥኩ፤ ሰፈሩን በሙሉ አስለቀስኩ።

ጥፋቱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። የደም ግፊቴን ለክቶ፣ «መምህርት፣ ቁጭ ማለት ይብቃዎት፤ ጠዋት ጠዋት ይንቀሳቀሱ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ሸራ ጫማዬን አድርጌ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ተፈተለኩ። በዚያ ሰዓት የምትሮጥ ትልቅ ሴት የምትይዘው መርዶ ነው። ዘወር ስል ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይከተሉኛል። «ማን ሞተ?» ይሉኛል። ትንፋሽ አጥሮኝ መልስ አቃተኝ፤ ዝም ማለቴን ሲያዩ ለቅሶው ባሰ።

ያም ሆኖ አልተውም። ልጄ ጌታቸው አምባሰል ላይ ያስተምራል፤ ሚስቱም የዚያው አገር ልጅ ናት። አሁን ሴት ልጅ ወልደዋል። አውቶቡሱ ከተራራው ግርጌ አውርዶ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። አምና ለሠርጋቸው ስሄድ ከዳገቱ ወገብ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የገዛ ልጄን ሠርግ በወሬ ሰማሁት። የልጅ ልጄንም ክርስትና በወሬ ልሰማ ነው? አይሆንም!

ማክሰኞ

ጭኔ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬስ ልረፍ ብዬ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ጎረቤቴ ዘይነባ፣ እህል ነጋዴዋ፣ ሱብሒ ሶላቷን ሰግዳ በሬን ደበደበች።

«ያ የሺ! ተነሽ!»

«አሞኛል።»

«ወላሂ ስንፍና ነው። ትናንት ተራራውን በአንድ ቀን ልትጨርሽው ተንደረደርሽ፤ ዛሬ ተኛሽ። ቀስ ብለሽ ብትጀምሪው ምን ነበረበት?»

አብረን ወጣን። ሩጫ ቀርቶ እርምጃ ሆነ። እርምጃውም ቢሆን የት ሊሄድ! በየደጃፉ ሰላምታ አለ። እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ። ቆሞ መመለስ ነው እንጂ እየተራመዱ መመለስ ነውር ነው። ሐይቁ ጋ ሳንደርስ የትምህርት ቤት ሰዓት ደረሰ። ላብ የሚባል ነገር አላየሁም።

ረቡዕ

ዘይነባ መላ አመጣች። ሸክም የያዘን ሰው መንገድ ላይ አያቆሙትም፤ «በርታ» ብለው ያሳልፉታል። እንዳይከብደኝ ብላ ጆንያ ሙሉ ገለባ አሸከመችኝ።

እውነትም ማንም አላቆመኝም፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ይመር እስኪመጡ ድረስ። «ሴት ልጅ ተሸክማ እኔ ባዶዬን ልሄድ?» ብለው ጆንያውን ነጠቁኝ። ከባድ መስሏቸው ኃይላቸውን ሁሉ ሰብስበው ሲያነሱት ወደ ኋላ ሊወድቁ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ገለባ ነው።»

«ለማን?»

«ለማንም አይደለም፤ እንዲሁ ነው የምሸከመው።»

አንዴ ጆንያውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «አላህ ያሽርሽ» ብለው ቀስ አድርገው መለሱልኝ። ዘይነባ ከግንብ ሥር ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ተናድጄ ተናድጄ በመጨረሻ አብሬያት ሳቅኩ።

ሐሙስ

እንግዲያው እውነተኛ ሸክም ይሁን ተባለ። የራሴን ገብስ ይዤ ዳገቱ ላይ ወዳለው ወፍጮ ቤት ወጣሁ። በየማዞሪያው ቆሜ ተነፈስኩ፣ ግን ደረስኩ! ከክፍል በፊት ደግሞ ዱቄቱን ይዤ ተመለስኩ። ያየችኝ ሁሉ፣ «መምህርት፣ መሄድሽ ካልቀረ የኔንም» አለችኝ። ለነገና ከነገ ወዲያ ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ገባኝ። ለጤናዬ ተብሎ አልነሳም፤ ራሴን አውቃታለሁ። የሰው ቤት ዱቄት እየጠበቀኝ ግን እንዴት ብዬ ልተኛ?

ቅዳሜ

የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ የጋራ ሥራ አርአያ አደረገኝ። ተጨበጨበልኝ። ጋሼ ይመር አላጨበጨቡም፤ አሁንም በሐዘኔታ ነው የሚያዩኝ።

ከአምባሰል ለገበያ የወረደ ሰው መልእክት አመጣ። አማቾቼ ለክርስትናው በቅሎ ሊልኩልኝ ነው። ደግነታቸው ነው፣ አውቃለሁ። ግን አምና መንገድ ላይ መቅረቴን አገሩ ሁሉ ያስታውሳል ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት የወፍጮ ቤቱ ዳገት ላይ ሁለቴ ብቻ ነበር የቆምኩት። ያ ተራራ ግን ስንት ወፍጮ ቤት ነው?

እሑድ፣ አምባሰል

ስንት ሳምንት ሙሉ አልጻፍኩም፤ ጠዋት ጠዋት እጄ ሥራ ነበረው።

ዛሬ በቅሎዋ ከግርጌው ስትጠብቀኝ አገኘናት። አብራኝ የመጣችው ዘይነባ አየቻት፤ ቀና ብላ ተራራውን አየች። «አብሽሪ የሺ፤ አንቺ ተለማምደሻል። እኔ ስቀሰቅስ ነው የከረምኩት» ብላ ተፈናጠጠች።

ወጣሁ። አምና የቀረሁበት ድንጋይ ጋ ስደርስ ልቤ ፈራ፤ ላርፍ አስቤ ነበር፣ ከተቀመጥኩ የምነሳ አልመሰለኝም። አለፍኩት። አለፍኩት!

ጌታቸው ማዞሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ላብ ያጠመቀውን ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

«እማዬ! በቅሎዋስ?»

«ዘይነባን ይዛ ከኋላ ትመጣለች።»

አቀፈኝና አንገቴ ሥር አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ክርስትናው ነገ ጠዋት ነው። ለዘይነባ የሚሆነውን በግ እስላም ጎረቤት መጥቶ ባርኮ አርዶታል፤ እሷ ግን «ወገቤን በቅሎዋ ሰበረችው» እያለች ታቃስታለች። ሕፃኗን ታቅፌያለሁ። አፍንጫዋ የጌታቸው ነው። ጉልበቴ እስካሁን ይንቀጠቀጣል፤ እሷም መንቀጥቀጡ ተመችቷት ተኝታለች። ከነገ ወዲያ ቁልቁል መውረድ አለ። የዚህን ያህል ቁልቁለት እንኳ አልተለማመድንም።