ልጆቹ ቀድመውኝ የመጡ ጠዋት

ይድረስ ለእታለም፤

የሰሊጥ አጨዳ ከተጋመሰበት ከገዳሪፍ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ በርትተዋል? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። በእናንተ በኩል ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ይህን የምትሰጥሽ ራሒማ ናት፤ እዚህ ሱቅ አላት፣ መተማ ደርሳ ትመለሳለች። ስለ እማማ ወደ ታች እጽፋለሁ።

ጎንደር ኳስ አጥቂ ሆኜ ስጫወት እማማ አንድ ቀን እንኳ “አሸነፋችሁ?” ብላኝ አታውቅም። “ማን ረገጠህ?” ነበር ጥያቄዋ። ጎል ያገባሁበትን እግር በሞቀ ውሃ እያሸች የተከላካዩን ዘር ማንዘር ትረግም ነበር። ጅማቴ ተበጥሶ ክለቡ ሲያሰናብተኝ፣ ከአጫጆች ጋር ወደዚህ ተሻገርኩ። አጨዳ ግን ጎንበስ ማለት ይፈልጋል፤ የኔ ጉልበት አይታጠፍም። ኸድር የሚባል ነጋዴ በእረፍት ሰዓት ኳስ ስመታ አይቶ፣ “ወላሂ ይህ እግር ለማጭድ አልተፈጠረም፤ ልጆቹን አሰልጥንልን” አለኝ። አሰልጣኝ የሆንኩት እንዲህ ነው፤ ልጆቹም “ኮቼ” ይሉኛል።

ቡድኔ የቀን ሠራተኛ፣ የሱቅ ልጅና ስደተኛ ቅልቅል ነው። አምበሉ ሓለፎም ከትግራይ በሐምዳይት በኩል ድንበር ተሻግሮ የመጣ ግብ ጠባቂ ነው። ሰው ስለ እኔና ስለ እሱ ወገን ብዙ ይላል፤ እኛ የምንጣላው በማዕዘን ምት ብቻ ነው። ከሜዳ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ግን የሚያናግረኝ የለም። እራቴንም ቆሜ ነው የምበላው።

በቀደም የጎረቤታችን ልጅ ባንታምላክ ለአጨዳ መጣ። ገበያ አገኘሁትና አቀፈኝ፤ አቅፎም አልለቅ አለኝ። “እማማስ?” ስለው፣ “ሁሉም ደህና ናቸው” አለና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ምሳ ብጋብዘው ቸኩያለሁ ብሎ ሄደ። ቆይቶ ሓለፎምን ነጥሎ ሲያነጋግረው ከሩቅ አየሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ለልምምድ እየጎተትኩ የማወጣቸው ልጆች በሙሉ ደጄ ላይ ቆመዋል። ኸድርም አብሯቸው አለ። ኳስ የያዘ የለም። በአባባ ጊዜ ጎረቤቶቻችን በዚያ ሰዓት እንዴት እንደመጡ አንቺም አትረሺውም።

ሓለፎም፣ “ኮቼ፣ እንግባና ትንሽ እንቀመጥ” አለኝ።

“ዛሬስ ቀደማችሁኝ፤ ጎበዞች” አልኩና ኳሱን ከውስጥ አውጥቼ ወደ ሜዳ መራኋቸው። ሲሮጡ አንዳንዶቹ ያለቅሱ ነበር። እኔ ፊሽካዬን እነፋለሁ። ፀሐይዋ በርትታም አላቆምኳቸውም። በመጨረሻ ሓለፎም መጥቶ ፊሽካውን ቀስ አድርጎ ከአፌ ወሰደና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“ከእህቴ ይምጣ” አልኩት።

“እሺ ኮቼ” አለ። ከዚያ ወዲህ ተራ እየገቡ እኔ ዘንድ ያድራሉ፤ ቃል የሚተነፍስ ግን የለም።

እታለም፣ ባንታምላክ እንዳይነግረኝ ያደረግሽው በሰው አገር ብቻውን አይደንግጥ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ አልተቀየምኩሽም። አንቺስ ይህን ሁሉ ቀን ለብቻሽ እንዴት ቻልሽው? ለራሒማ በቃል አትንገሪያት፤ ጻፊልኝ። ሲደርሰኝ ብቻዬን አልከፍተውም፤ ልጆቹን እጠራቸዋለሁ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን ይጠብቅልሽ። አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ታናሽ ወንድምሽ