የቁጥር ዘጠኝ ፊደላት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህም ለምቆጣህም ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አሁንም አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ በመስኮት አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሐሳቤ ቢዘበራረቅብህ ታገሰኝ።

የሥዕል መጽሔታችን የ«አያ ጃርት» ቁጥር ዘጠኝ ሲደርስህ የላክህልንን ደብዳቤ አግኝተናል። «ሥዕልሽ አምሯል፤ ግን ንግግሩን ማን ነው የጻፈው? ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። መርማሪያችንን እንዲህ ከምታዋርዱት ቢቀር ይሻላል» ብለሃል። ፖስታው ሲመጣ እኔ ማተሚያ ቤት ነበርኩ። የከፈተው አባባ ነው።

የጻፈውም አባባ ነው።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጃርቱ ሌባውን ቀበሮ የሚያፋጥጥበትን ገጽ ይዞ እንደተቀመጠ ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። አነሳው፤ ደግሞ ወደቀ። «ይሄ ብዕር ዘይት ነክቶታል» አለኝ፤ አፉ ትንሽ ተጣሟል። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። እግሩንና አንደበቱን ማረለት፣ ቀኝ እጁን ግን ወሰደበት። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ እጅ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ።

«ለልጁ እንዳትነግሪው፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብሎ አስማለኝ። ማልኩ። ይኸው አፈረስኩት።

ንግግሩን በኮምፒውተር ፊደል እንሙላው ስለው አኮረፈ። «አንተ ትደርሳለህ፣ አንቺ ትስያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ ብለን አይደል የጀመርነው? ጃርቱ በማሽን ሊያወራ ነው?» አለ። ከዚያ በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በጋዜጣ ዳር፣ በመድኃኒት ካርቶን ላይ፣ ሀ ሁ ሂ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። አንዱ ገጽ አራት ቀን ይፈጅበታል። «ጃርቱም አርጅቷል፤ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ ምን አለበት?» እያለ ይስቃል። ቁጥር ዘጠኝን የጨረስነው እንዲህ ነው።

ደብዳቤህን አንብቦ አጥፎ ሰጠኝ። «እውነቱን ነው» አለና ብዕሮቹን አጥቦ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ይወጣል፣ ለምሳ ይመጣል፣ ደግሞ ይወጣል። የት እንደሚውል አይናገርም። እኔም አንድ ጃርት ሳልስል ይመሽብኛል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ትናንት ቢጨንቀኝ ተከተልኩት። ጫማ ሰፊው ጋ ቆመ፣ ፋርማሲው ጋ ቆመ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆመ። ለካ የጻፋቸውን ታፔላዎች እየዞረ ነው የሚያያቸው! ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ሲደርስማ ተተክሎ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«እጄ» አለ አባባ፣ ከታፔላው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

ሰውየው አልገባውም። «ይልቅ ጃርታችሁን ምን ነካው?» ብሎ ከወረፋ ጠባቂዎች ወንበር ላይ ቁጥር ዘጠኝን አነሳ፤ ሽፋኑ ከእጅ ብዛት ተላልጧል። «አንዱ ደንበኛዬ የጃርቱን ንግግር ልክ እንደ አጻጻፉ እያንቀጠቀጠ ጮክ ብሎ አነበበልን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።»

የአባባ ፊት ጠቆረ። «ሳቃችሁ?»

«መጀመሪያ ላይ ነዋ! ቀበሮውን ‹እኔም ደክሞኛል፤ ግን እስክትናገር ከዚህ አልነሳም› ሲለው ሁሉም ዝም አለ። እኔ ራሴ መላጨቱን ትቼ፣ ሰውየው በግማሽ ጢም ተቀምጦ ነው የጨረስነው። ጋሼ፣ ጃርቱ ሊሞት ነው እንዴ? እንዳትገድሉብን አደራ!»

ዓረፍተ ነገሩ ያንተ ነው፤ መንቀጥቀጡ የሱ። አባባ ዘወር ሲል አየኝ፤ ይቆጣኛል ስል «ነይ እንሂድ» ብቻ አለ። ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠና፣ «የቁጥር አሥር ንግግር ብዙ ነው?» አለኝ።

ምን ልበለው? ታሪኩን አንተ አልላክህ። «ትንሽ ነው» ብዬ ዋሸሁት። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በጥያቄ ወጥሮኛል፦ ቀበሮው ተፈረደበት ወይ? ጃርቱ አሁን ማንን ነው የሚከታተለው? ይህን ስጽፍ በወዲያኛው ክፍል ብዕሩ ወረቀት ሲፍቅ ይሰማኛል። የሚጽፈው ነገር ሳይኖረው ነው የሚጽፈው። ስንት ቀን እንዲህ እንደሚቀጥል አላውቅም።

ይቅርታ ጠይቀው አልልህም፤ ከጠየቅከው መንገሬን ያውቃል። ናም አልልህም፤ ሥራህን አውቃለሁ። ክፍልህ ያልተሸጡ እትሞች ተከምረውበታል፤ ግን ላንሳቸው ካልኩ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም።

ታሪኩን ብቻ ላክልኝ። ደግሞ ለእጁ አዝነህ ንግግሩን እንዳታሳጥረው። እንደ ድሮው አስለፍልፈው። ቃል ከቆጠብክበት ወዲያው ነው የሚገባው።

ጤና ይስጥህ፤ ባለህበት የሚሰማህ ሰው አያሳጣህ።

እህትህ