የእመቤት ክብደት

ስማዳ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሰው አገር ለምትደክሚው ልጄ ለትርሲት፣

የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለይሽ። እኔ አለሁ። ማሽላው አሽቷል፤ ወፍ እየጠበቅን ነው። ላሚቱም ወልዳለች። ልጅሽ እመቤት አሁን ደህና ናት፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂና የቀረውን ስሚ።

ባለፈው ሳምንት ወባ ያዛት። ጠዋት ትኩሳት ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ብጠራት አልሰማ አለች። መንገዱ ተዘግቶ ወደ ወገዳ ሆስፒታል የሚሄድ መኪና ስላልነበረ፣ በጋቢዬ አዝዬ ቁልቁለቱን ወደ ጤና ጣቢያው ወረድኩ። በመንገድ ምን አሰብክ ብትዪኝ አላውቅም። ያሰብኩም አይመስለኝ።

አመለወርቅ የምትባል ነርስ ብቻዋን ነበረች። ጣቷን ወግታ ደሟን መረመረች።

«ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባታል። መርፌው አለኝ፤ ግን የሚሰጠው በኪሎ ነው። ሚዛናችን ደግሞ ከተሰበረ ቆየ» አለችኝ።

«እንዲያው በግምት አትወጊያትም?»

«ካሳነስኩት በሽታውን አይገታውም፤ ካበዛሁት ይጎዳታል። ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አራት ዓመቷ።»

«የአራት ዓመት ልጅ አሥራ ስድስት ኪሎ ገደማ ናት» አለችና ልብሷን ገለጥ አድርጋ አየቻት። «አይ፣ ይቺስ አትሆንም።»

አልጋው ላይ አጋድማ በሜትር ለካቻት፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሰንጠረዥ ጋር አስተያየች። በቁመቷ አሥራ አራት ይላል። የልጅ ክሳት የሚለካበትን ባለ ቀለም ጥብጣብ ክንዷ ላይ ስትጠመጥመው ግን ቢጫው ላይ ዋለ።

«አባባ፣ እንዲህ የከሳችው ከመቼ ወዲህ ነው? ማን ነው የሚያበላት?»

«እናቷ ቤይሩት ናት። የማበላት እኔ ነኝ።»

«ሴት የለም እቤት?»

«ከነሐሴ ወዲህ የለም።»

የተላጨ ራሴን አየችና ሌላ አልጠየቀችኝም።

ወጥታ በባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታ መጣች። «አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። እርስዎ አዝለዋት ነው የመጡት፤ ጀርባዎ ያውቃታል። እስቲ ይሄንን በዚያው ጋቢ ይዘሉት» አለችኝ። አዘልኩት። «ትበልጣለች» አልኳት። ሁለት ሊትር በጠርሙስ ጨመረችበት። ከዚያ እሱን አውርዳ ልጅቱን አሳዘለችኝ፤ ደግሞ መልሳ ውሃውን። ልጄ፣ ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ። ሰኔ ላይ ይቺ ልጅ ስትታዘል ወገቤን ታጎብጠው ነበር።

«እኩል ነው» አልኩ።

«አሥራ ሁለት። እኔም በዓይኔ ከዚያው ላይ ነው ያደረስኳት» አለችና መድኃኒቱን ቀዳች። ጭኗ ላይ ወጋቻት። ግድግዳው ላይ እንሽላሊት ነበረች፤ እሷን ሳይ አመሸሁ።

በማግስቱ ትኩሳቷ በረደ፤ ዓይኗን ገለጠች። አስታማሚው ሁሉ እልል ሲል ለእኔ ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ። መጀመሪያ የተናገረችው «እምዬ የታለች?» የሚል ነው። እናትሽን እምዬ እንደምትላት ታውቂያለሽ፤ ከእሷ እጅ በቀር እህል አትቀበልም ነበር። ለአንቺ በስልክ የምነግርሽን ነገርኳት፤ ጸበል ሄዳለች አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሁን ከጤና ጣቢያው የተሰጣትን ገንቢ ምግብ ትልሳለች። ትናንት ከእኔም እጅ አንድ ጉርሻ ተቀበለች፤ ቆይታ ቆይታ ዋጠችው። አመለወርቅ በየሳምንቱ ያምጧት ብላለች፤ እወስዳታለሁ።

ይህን ወረቀት የመንደራችን ልጅ ንጋቱ ደብረ ታቦር ሲገባ በስልኩ አንስቶ ይልከዋል። የሚልከው ግን ለአንቺ አይደለም፤ እዚያው ቤይሩት ላለችው ለጎረቤታችን ለወርቁ ልጅ ለብርቱካን ነው። ዕረፍት ስታገኚ መጥታ አጠገብሽ ተቀምጣ እንድታነብልሽ አደራ ብያታለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የሠራሽበትን ይባርክልሽ። ለልጅሽ በሕይወት ያብቃሽ።

ብርቱካን ልጄ፣ እዚህ ስትደርሺ ወረቀቱን አስቀምጪና እጇን ያዢያት፤ የእናቷን መርዶ ከአንቺ ትስማ።

አባትሽ አያሌው