ማሽኑ ዝም ብሏል

ሐሙስ ጠዋት፣ መጋቢት 12

ለልጄ እናት፣ ጥላኝ ብትሄድም ላልጣልኳት፤

እህትሽ ቤት እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ከታች ፎቅ ያለችው ኮምፒውተር ጠጋኟ ናት። የምለውን እንዳታሳምር አስጠንቅቄያታለሁ። ማንበብ ባልችልም መልሳ ስታነብልኝ የራሴን ንግግር አውቀዋለሁ።

ዋናውን ልንገርሽ። የልጃችን ማሽን ዝም ብሏል። አሁን መምጣት ትችያለሽ።

እንዴት ዝም እንዳለ ደግሞ ስሚኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ማሽኑ ታመመ። ሳበራው ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል። ጠጋኟ መጥታ አየችውና አስረዳችኝ። ልጃችን በአንድ ማሽን ውስጥ ሦስት ሲስተም ነው ያስቀመጠው፤ አንዱ የሥራው፣ አንዱ የጨዋታው፣ አንዱ ደግሞ የኔና ያንቺ፣ የዘመድ ፊት የምናይበት። ማሽኑ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነቃ ቡትሎደር የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሦስቱን ይደረድርና የትኛውን ላስነሳ ብሎ ይጠይቃል። የተበላሸው እሱ ነው አለችኝ።

"በቃ ዘበኛ ነዋ" አልኳት። ሳቀች። ዕድሜዬን ሙሉ የፋብሪካ በር የጠበቅኩ ሰው እንዴት አላውቀውም?

እንግዲህ ሌላ ዘበኛ ይምረጡ አለችኝ። አንደኛው ልክ እንደ ድሮው ነው፤ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ልጃችን የጻፈለትን ፉጨትም መልሳ ልታስተምረው ትችላለች። ሁለተኛው ሲስተሞቹን በሥዕል ያሳያል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሦስተኛው ምንም ሳይጠይቅ አንዱን ብድግ አድርጎ ያስነሳል። እሱን ገና ሳትጨርስ ነው እምቢ ያልኳት። የማይጠይቅ ዘበኛ የበር ማጠፊያ ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም።

ፉጨቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሷ ግን መንገር ነበረብኝ። ልጃችን እጁ ዕቃ ሲሞላ ቁልፉን ማውጣት ስለማይችል በር ላይ ቆሞ የሚያፏጫት፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ አንቺም ካለሽበት ተነስተሽ የምትከፍቺለት። እኔ ፊደል ስለማልለይ ያችኑ ፉጨት ለማሽኑ አስተማረው። "አባዬ፣ ፉጨቱን ስትሰማ ዝርዝሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ምልክቷን ወደ ታች አውርዳትና ከለጠፍኩልህ ቀይ ፕላስተር ትይዩ ስትደርስ ተጫን" አለኝ። ፕላስተሩ እስካሁን ከስክሪኑ ጠርዝ አልተላቀቀም።

ልጃችንን ከቀበርን በኋላ እኔ ማሽኑን ባበራሁ ቁጥር አንቺ ተነስተሽ በር ትከፍቻለሽ። ባዶውን ደረጃ ታዪና ትዘጊያለሽ። ማሽን እኮ ነው ስልሽ፣ "ማሽን መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቀው እግሬ ነው" አልሽኝ። ዝም አሰኘው ብለሽ ለመንሽ። የልጄ እጅ ያረፈበትን አልነካም አልኩ። ዛሬም ተሳሳትኩ አልልም። አንቺም ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ።

ጠጋኟ የቱን ልጫን ስትለኝ የሥዕሉን አልኩ። ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ስለደከመ ነው።

"ፉጨቱስ አባባ? ካጠፋሁት በኋላ መልሺልኝ እንዳይሉኝ።"

"ይቅር አልኩሽ እኮ።"

ጫነችው፣ አበራነው። ሦስት ሥዕል ወጣ፤ የኛው ትንሽ የቤት ሥዕል ናት፣ ጠጋኟ ናት የመረጠችልን። ድምፅ የለም። ከዚያ ፉጨቱ መጣ።

ጠጋኟ ማሽኑን ፈታችው፤ ድምፅ የሚያወጣውን ቁራጭ ነቅላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፣ ገመዱንም ከግድግዳ መዘዘች። ከዚያ በኋላ ብረት ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ፊቴን ስታጠብ ደግሞ ሰማሁት። ከየት እንደሚመጣም ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ማሽኑ ካለበት ከልጁ ክፍል አልነበረም፣ ከበሩ ነበር።

ፈራህ እንዳትይኝ። እኔ ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር በር ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ከውስጥ ሆኜ ማነህ ብዬ ጠየቅኩ። ጸጥ አለ። ከበሩ ሥር ግን ጥላ ነበር፣ የቆመ ሰው እግር የሚጥለው ዓይነት። ተጠይቆ ያልመለሰ አይገባም፣ ደንቤ ነው፤ አልከፈትኩም። ወንበሬን አምጥቼ ከበሩ ጋ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። አያንኳኳም፣ አይገፋም። እጁ ዕቃ እንደሞላበት ሰው ይጠብቃል።

ጠጋኟ የደረጃው ነፋስ ነው ትላለች። ነፋስ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

ልደብቅሽ እችል ነበር። ማሽኑ ዝም ብሏል፣ ነይ ብዬ ብቻ ባስጽፍ ውሸት አይሆንብኝም ነበር። ግን በር ላይ ያለውን ሳልናገር ሰው አስገብቼ አላውቅም። ስትመጪ አታንኳኪ። ያወጣሽልኝን ስም ጥሪና እከፍትልሻለሁ። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ፤ አንሶላውን ማጠፍ ግን እንዳንቺ አልሆነልኝም።

አሁን ጠጋኟ መጻፏን አቁማ ወደ በሩ እያየች ነው።

"ሰሙ አባባ?" አለችኝ።

ሰምቻለሁ። ልክፈት ብላ ተነስታ ነበር፤ ተቀመጪ፣ ይህንንም ጻፊው አልኳት። ለሱ በር የምትከፍትለት እናቱ ናት። ማን እንደሆነም ሳትጠይቂ የምትከፍቺ አንቺ ብቻ ነሽ።

መንገዱን ያቅናልሽ፣ ደረጃውን የምትወጪበት ጉልበት ይስጥሽ። እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም። እሱንም በበሩ ስንጥቅ፣ እናትህ እየመጣች ነው፣ ትንሽ ታገሥ ብዬዋለሁ።

ባልሽ፣
ግትሩ